ኩዌል እና መርፊ ብራውን፦ ንግግሩን የዋጠው ዓረፍተ ነገር

ሜይ 19 ቀን 1992 የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ዳን ኩዌል ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በካሊፎርኒያ ኮመንዌልዝ ክለብ መድረክ ላይ ወጥተው ስለ ሎስ አንጀለስ ሁከት ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ። (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ እዚህ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስለ ድህነት፣ ስለ ዘር ግንኙነት፣ ስለ መንግሥት ድጎማ፣ ስለ ትምህርት ቤት ምርጫ፣ ድሆች የቤት ባለቤት ስለሚሆኑበት መንገድ ተናገሩ። ይህ ሁሉ ዛሬ ተረስቷል። የቀረው ወደ ንግግሩ መጨረሻ ላይ ጣል ያደረጉት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እርሱም ኖራ ስለማታውቅ ሴት ነው።

ሰው ሁሉ ቴሌቪዥኑ ፊት በሚቀመጥበት የምሽት ሰዓት የምትቀርበው መርፊ ብራውን፣ የዘመኑ ብልህና ጥሩ ተከፋይ ባለሙያ ሴት ምሳሌ ተደርጋ የተሣለችው ገጸ ባሕርይ፣ ልጅ ብቻዋን ወልዳ ድርጊቱን እንደ ማንኛውም የኑሮ ምርጫ በመቁጠር የአባትን አስፈላጊነት ማቃለሏ ለአገሩ አይበጅም፤ ኩዌል ያሉት በአጭሩ ይህንን ነው።

የአሜሪካ ወግ አጥባቂዎች በመገናኛ ብዙኃንና በሆሊውድ ላይ ለሃምሳ ዓመታት ያህል ሲያሰሙት የኖሩት ክስ አለ፦ ዜናውን የሚጽፈውም ድራማውን የሚሠራውም አንድ ዓይነት ሰው ነው፤ በእኛ እምነት ይስቃል፤ ስንናገር አይሰማንም። ከዚህ ክስ ምን ያህሉ እውነት፣ ምን ያህሉ ደግሞ በገዛ እጃቸው የመጣ እንደ ሆነ ለመመርመር ከኩዌልና ከመርፊ ጉዳይ የተሻለ አላውቅም። የእኔን ፍርድ ከወዲሁ ልናገር፦ ኩዌል ስለ ዜናውና ስለ ድራማው ዓለም መደበላለቅ ያሉት ከተባለላቸው በላይ ትክክል ነበር፤ ምሳሌያቸው ግን ክርክራቸውን ገደለው፤ የሞተውም በጋዜጠኞች እጅ ብቻ አይደለም።

ከተማው ከነደደ በኋላ

ሮድኒ ኪንግ የተባለውን ጥቁር አሜሪካዊ ሲደበድቡ በቪዲዮ የተቀረጹት አራት የሎስ አንጀለስ ፖሊሶች፣ ሲሚ ቫሊ በተባለች አጎራባች ከተማ፣ ጥቁር አባል ባልነበረበት ከሕዝብ የተመረጠ የፈራጆች ሸንጎ ፊት ቀርበው ኤፕሪል 29 ቀን 1992 ከሞላ ጎደል ከሁሉም ክሶች ነጻ ወጡ። ከተማዋ በዚያው ምሽት ነደደች። ሁከቱ ሲበርድ ከሃምሳ በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ የጠፋው ንብረት አንድ ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተገምቷል፤ በርካታ የኮሪያ ስደተኞች የዕድሜ ልክ ጥሪታቸውን ያፈሰሱባቸው ሱቆች አመድ ሆነዋል።

የምርጫ ዓመት ነበር። ኋይት ሐውስ አንድ ነገር ማለት ነበረበት። ቃል አቀባዩ ማርሊን ፊትዝዋተር ሜይ 4 ቀን ጥፋቱን በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የማኅበራዊ ድጎማ ፕሮግራሞች ላይ ለጠፉት፤ ነገሩ ግን እንደ ሽሽት ተቆጠረባቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ የኩዌል ንግግር የመጣው ይህንኑ ሐሳብ አብስሎ ለማቅረብ ነው። ንግግሩን ያረቀቀችው ሊሳ ሺፍረን ስትሆን፣ የምክትል ፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ደግሞ ኋላ በወግ አጥባቂው ጎራ ስሙ የገነነው ዊልያም ክሪስቶል ነበር።

የንግግሩ አጥንት ጠንካራ ነው። ለሁከቱ ተጠያቂው ማን ነው ቢባል ሁከተኞቹ፣ ለግድያው ተጠያቂው ማን ነው ቢባል ገዳዮቹ ናቸው ብሎ ይጀምራል። ቀጥሎ፣ በከተሞች የታየው ሥርዓት አልበኝነት ከቤተሰብ መፍረስ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው ይላል። ቁጥር ይጠቅሳል፦ በ1967 ከጥቁር አሜሪካውያን ቤተሰቦች 68 በመቶው በባልና ሚስት ይመሩ ነበር፤ በ1991 ግን 48 በመቶ ብቻ። ልጅ ወልዶ የማይረዳ አባት ጥፋተኛ ነው ብሎም በግልጽ ይናገራል። ይህች የመጨረሻዋ ነጥብ ሁልጊዜ ትዘለላለች። ኩዌል የነቀፉት እናቶችን ብቻ ነው ብሎ የሚያምን ብዙ ሰው አለ፤ ከመርፊ በፊት የተወቀሱት ግን ሸሽተው የሄዱት አባቶች ናቸው።

ሐሳቡ አዲስም አልነበረም። በ1965 በፕሬዚዳንት ጆንሰን አስተዳደር የሠራተኛ ሚኒስቴር ባልደረባ የነበሩት ዴሞክራቱ ዳንኤል ፓትሪክ ሞይኒሃን ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ቤተሰብ ባቀረቡት ዘገባ ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ ሰጥተው፣ ከገዛ ወገኖቻቸው ውርጅብኝ ወርዶባቸዋል። በሁለቱ መካከል ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ሞይኒሃን የቤተሰቡን መናጋት ከጥቁር ወንዶች ሥራ ማጣት ጋር አጥብቀው አስረውታል። በኩዌል ንግግር ውስጥ ሥራ አጥነት በቅጡ ቦታ አላገኘም። ሁከቱ ከተነሣበት አካባቢ ብዙም ሳይርቅ ሳውዝ ጌት ላይ የነበረው የጄኔራል ሞተርስ የመኪና ፋብሪካ የተዘጋው በ1982 ነው፤ የፋየርስቶን ጎማ ፋብሪካም ከዚያ ቀደም ብሎ በ1980 ተዘግቷል። ደመወዝ ይዞ ወደ ቤት የሚገባ አባት ከዚያ ሰፈር የጠፋው ከነዚህ በሮች ጋር ጭምር ነው። የወግ አጥባቂዎቹ ክርክር ከሁሉ በላይ የሚሳሳው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ስጦታ ይዘው የመጡት ጋዜጠኞች

በመርፊ ብራውን ስም የተሰየመው አስቂኝ ተከታታይ ድራማ ሲቢኤስ በተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ላይ የተጀመረው በኖቬምበር 1988 ነው። ፈጣሪዋ ዳያን ኢንግሊሽ፣ ተዋናይቷ ካንዲስ በርገን። መርፊ በዋሽንግተን የሚዘጋጅ አንድ ልብ ወለድ የዜና መጽሔት ፕሮግራም ላይ የምትሠራ ዝነኛ ዘጋቢ ናት፤ ከአርባ ዓመት ያለፈች፣ ከመጠጥ ሱስ የወጣች፣ አንደበቷ እንደ ምላጭ የሆነ። በ1991 እና በ1992 መካከል በነበረው የሥርጭት ዘመን ድራማው ከአገሪቱ ፕሮግራሞች በተመልካች ብዛት ሦስተኛ ነበር። በዚያው ዘመን መርፊ ከቀድሞ ባሏ ታረግዛለች፤ እርሱ የአክቲቪስትነት ኑሮውን መተው አልፈልግም ብሎ ይሄዳል፤ እርሷ ልጁን ለመውለድ ትወስናለች።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ሕፃኑ ከመወለዱ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ በተላለፈው ክፍል ለመርፊ የእርግዝና ግብዣ ይደረግላታል። የሚመጡት እንግዶች ተዋንያን አይደሉም። ኬቲ ኩሪክ፣ ጆአን ሉንደን፣ ፖላ ዛን፣ ሜሪ አሊስ ዊልያምስ፣ ፌይዝ ዳንኤልስ ናቸው፤ በወቅቱ በየጣቢያው ዜና የሚያነቡ፣ የጠዋት ፕሮግራም የሚመሩ እውነተኛ ጋዜጠኞች፣ በራሳቸው ስም፣ እንደ ሥራ ባልደረባ። ሌላው ቀርቶ ከተቀናቃኝ ጣቢያዎች ነው የመጡት። በእውኑ ዓለም እርስ በርስ ለተመልካች የሚፎካከሩ ሰዎች ሌላ ሰው የፈጠራትን ሴት እንኳን ደስ ያለሽ ለማለት በአንድ ክፍል ተሰባሰቡ።

ለቀልድ ነው፤ አውቃለሁ። ጥሩ ቀልድም ነው። ግን አንድን ነገር አስቡት። ከሳምንት በኋላ የአገሪቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ይህቺኑ ገጸ ባሕርይ ሲነቅፉ፣ ነቀፋውን ለሕዝብ የሚያቀርቡት፣ ማን ትክክል ነው ብለው የሚጠይቁትም እነዚያው የጠዋት ፕሮግራሞች ናቸው። የወግ አጥባቂዎቹ ክስ ብዙ ጊዜ የሚያተኩረው ጋዜጠኛው ለማን ድምፅ እንደ ሰጠ ነው። እኔ ግን ከድምፅ መስጫው ካርድ ይልቅ ይህ ግብዣ የበለጠ ይናገራል ባይ ነኝ። ማንም አላሤረም፤ ማንም ማሤር አላስፈለገውም። በአንድ ከተማ የሚኖሩ፣ አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ፣ መርፊን ሲያዩ ራሳቸውን የሚያዩ ሰዎች ነበሩ።

ልጁ ሜይ 18 ቀን ማታ ተወለደ። 38 ሚሊዮን ገደማ ሰው ተመለከተ። ኩዌል የተናገሩት በማግስቱ ነው።

አንድ ቀን ሙሉ ሲገለባበጡ

ኒውዮርክ ዴይሊ ኒውስ የፊት ገጹን እንዲህ አወጣው፦ «ኩዌል ለመርፊ ብራውን፦ አንቺ ጋለሞታ!» ኩዌል እንዲህ ያለ ቃል አልወጣቸውም። የእንዲህ ዓይነት ጋዜጣ አርዕስት ቀልድ እንደ ሆነ የከተማው ሰው ያውቃል፤ ቀልዱ ግን ከእውነተኛው ንግግር ቀድሞ አገር አዳረሰ። ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ ይባላል፤ ሰው ሁሉ ብርሌውን ሲያይ ጠጁ ፈሰሰ።

ዳያን ኢንግሊሽ መልስ ለመስጠት አልዘገዩም። ያላገባች ሴት መውለዷ አሳፋሪ ነው፣ ያለ አባትም ልጅ በወግ ማሳደግ አትችልም ብለው ምክትል ፕሬዚዳንቱ ካመኑ፣ እንግዲያው ጽንስ ማስወረድ ደኅንነቱ የተጠበቀና ሕጋዊ ሆኖ እንዲቀጥል ቢያደርጉ ይሻላቸዋል አሉ። ወግ አጥባቂዎች ይህንን መልስ ዛሬም ድረስ እንደ ድፍረት ያዩታል። እኔ ደግሞ በዚያ ሳምንት ከተነገረው ሁሉ በፖለቲካ ብልጠቱ የሚስተካከለው የለም እላለሁ፤ ምክንያቱም በትክክል የሚያመውን ቦታ ነካ።

የሚያመው ቦታ ይህ ነው። የኩዌል ወገን የሆነው የሪፐብሊካን ፓርቲ ጽንስ ማስወረድን የሚቃወም ፓርቲ ነው። መርፊ ያልታሰበ እርግዝና ገጥሟት፣ ገንዘብም ነጻነትም እያላት፣ ጽንሱን አላስወረደችም። ለሃይማኖተኛው የፓርቲው ክንፍ ይህ ሊወገዝ ነው ወይስ ሊመሰገን? ፊትዝዋተር ሜይ 20 ቀን ጠዋት ኩዌልን ደግፈው፣ ያላገባችን እናት ኑሮ ማሞገስ እንደ መርፊ ዝነኛና ባለ ብዙ ደመወዝ ላልሆኑት አብዛኞቹ እናቶች አይጠቅምም አሉ። ጥሩ ነጥብ ነበር፤ እንዲያውም ከራሳቸው ከኩዌል በተሻለ ቃል የተነገረ። ጥቂት ቆየት ብለው ግን ድራማው ለሕይወት መቆምን ያሳያል፣ ይህም መልካም ነው ብለው አመሰገኑ። በአንድ ቀን፣ በአንድ አፍ፣ ወቀሳም ምስጋናም።

በዚያው ቀን ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ከካናዳው ጠቅላይ ሚኒስትር ብራያን መልሩኒ ጋር ለጋዜጠኞች ቀረቡ። ጎረቤት አገር መሪ እንግዳ ሆኖ አጠገባቸው ቆሟል፤ የሚጠየቁት ስለ መርፊ ብራውን ነው። ቡሽ ስለ ቤተሰብ ጥቅም ጠቅለል ያለ ቃል ተናግረው ስለ ድራማው ዝም ማለትን መረጡ። ምክትላቸውን አልካዱም፤ አልደገፉምም ማለት ይቻላል።

መገናኛ ብዙኃኑ ኩዌልን ባያጣምም ኖሮ ክርክሩ ያሸንፍ ነበር የሚሉ ወግ አጥባቂዎች ይህቺን ቀን ሊያስታውሱ ይገባል። ንግግሩን ለማዳን የሚበቃ ጊዜና መድረክ የነበረው ኋይት ሐውስ ነው። ወይ ጸንቶ መቆም፣ ወይ ምሳሌውን ትቶ ሐሳቡን መያዝ ይቻል ነበር። ሁለቱንም ሳያደርግ ዋለ።

ለነገሩ ቡሽ ራሳቸው ከአራት ወር በፊት እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ገብተው ነበር። በጃንዋሪ 1992 በሃይማኖት ብሮድካስተሮች ጉባኤ ላይ የአሜሪካ ቤተሰቦች ከሲምፕሰንስ ይልቅ ዋልተንስን እንዲመስሉ እንሻለን አሉ። ዋልተንስ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ስለነበረ ደግ የገጠር ቤተሰብ የሚያወሳ ድራማ ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ የሲምፕሰንስ ካርቱን ልጅ በቴሌቪዥን መልስ ሰጠ፤ እኛም እንደ ዋልተንስ ነን፣ እኛም ድቀቱ እንዲያበቃልን እየጸለይን ነው አለ። ሥራ አጥነት በበረታበት ዓመት ይህ መልስ ጥርስ የሚያስገጥም አልነበረም። ከልብ ወለድ ሰው ጋር የሚጣላ ፖለቲከኛ ሁልጊዜ ይሸነፋል፤ ያኛው ደራሲ አለው፣ የመጨረሻው ቃል የእርሱ ነው።

አድልዎ ነበርን?

የጋዜጠኞቹ ዝንባሌ ግምት ሳይሆን የተለካ ነገር ነው። ከምርጫው በኋላ 139 የዋሽንግተን ቢሮ ኃላፊዎችና የምክር ቤት ዘጋቢዎች የተጠየቁበት፣ በ1996 የወጣው የፍሪደም ፎረም ጥናት፣ ከመላሾቹ 89 በመቶው በ1992 ለቢል ክሊንተን፣ 7 በመቶው ለቡሽ ድምፅ እንደ ሰጡ አሳይቷል። በዚያ ምርጫ አገሪቱ ለክሊንተን የሰጠችው 43 በመቶ ብቻ ነው። ይህን ያህል ከሕዝቡ የራቀ የሙያ ክበብ፣ ስለ ቤተሰብና ስለ ሃይማኖት ሲጽፍ የማያየው ነገር መኖሩ አይቀርም። ቅሬታው ከኩዌል የጀመረም አይደለም፤ ሌላው ምክትል ፕሬዚዳንት ስፓይሮ አግኒው በኖቬምበር 1969 ደ ሞይን ላይ በኔትወርክ ዜናዎች ላይ የዘመቱበት ንግግር የዚህ ክስ እናት ነው።

በሌላ በኩል ስዕሉን የሚያወሳስቡ ነገሮች አሉ። ኩዌል የጋዜጣ ቤት ልጅ ናቸው፦ የእናታቸው አባት ዩጂን ፑልያም የኢንዲያናፖሊስ ስታር እና የአሪዞና ሪፐብሊክ ባለቤት የነበሩ፣ በወግ አጥባቂነታቸው የታወቁ የጋዜጣ ጌታ ነበሩ። «መገናኛ ብዙኃን» ሁሉ በሊበራሎች እጅ ነው ማለት ለእርሳቸው በተለይ የማያመች ክስ ነው። ደግሞም በዚያው ዓመት በጃንዋሪ የዋሽንግተን ፖስት ታላላቅ ጋዜጠኞች ዴቪድ ብሮደር እና ቦብ ውድዋርድ ስለ ኩዌል ባወጡት ተከታታይ ጽሑፍ ሰውየው ከሚባለው በላይ ብቃት ያላቸው ፖለቲከኛ መሆናቸውን ጽፈው፣ ከሙያ ጓደኞቻቸው ዘንድ ለዘብ አላችሁ ተብለው ተወቅሰዋል።

እንግዲህ አንድ ምክትል ፕሬዚዳንት ከምናብ ሴት ጋር ተጣላ የሚል ወሬ ቀርቦለት የሚያልፍ ጋዜጠኛ የለም፤ ሪፐብሊካንም ቢሆን። ያንን አርዕስት የጻፈው ከአድልዎ በፊት የወሬ ጥም ነው። አድልዎው የታየው ቀጥሎ ነው፤ ስለ አባቶችና ስለ ድሃ ልጆች የተነገረውን ዋና ክፍል ተመልሶ ለማንበብ የቸኮለ ሰው አልነበረም። በየትኛው ላይ እንሳቅ የሚለውን የወሰነው የወሬው ጣዕም ነው፤ ሳቁ መቼ ይብቃ የሚለውን ግን የወሰነው ዝንባሌ ነው።

ኩዌልም በበኩላቸው ስለ ሳቁ የወሰዱት አቋም ነገሩን ወደ ምርጫ መሣሪያ ለወጠው። በጁን 9 ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ በደቡብ ባፕቲስቶች ጉባኤ ላይ ቀርበው የባህል ልሂቃኑን ንቀት እንደ ክብር ሜዳሊያ እለብሰዋለሁ አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ ስለ ሎስ አንጀለስ ልጆች መሆኑ ቀረ፤ ማን ማንን ይንቃል የሚል ሆነ። ይህ የስሜት ፖለቲካ ለወግ አጥባቂዎች ድምፅ ያመጣል፤ ለድሃ ልጅ ግን አባት አያመጣም።

የበጋው መልስ

ቀሪውን ባጭሩ። ጁን 15 ቀን ኩዌል በትሬንተን፣ ኒው ጀርሲ አንድ ተማሪ በእንግሊዝኛ በትክክል የጻፈውን «ድንች» የሚል ቃል መጨረሻው ላይ ትርፍ ፊደል እንዲጨምርበት አደረጉት፤ ከትምህርት ቤቱ በተሰጣቸው ካርድ ላይ የተጻፈው ስህተት ነበር። በኦገስት በሂዩስተን የፓርቲው ጉባኤ ላይ፣ ቡሽን በፓርቲው ዕጩነት የተፎካከሩት ፓት ቡካነን አገሪቱ የባህል ጦርነት ውስጥ ናት ብለው አወጁ። በኦገስት 30 በኤሚ የቴሌቪዥን ሽልማት ድራማውም በርገንም አሸነፉ፤ በርገን ምክትል ፕሬዚዳንቱን አመሰገኑ፣ ኢንግሊሽ ደግሞ ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉትን ሁሉ ቤተሰብ አይደላችሁም የሚላችሁን አትስሙ አሏቸው።

ሴፕቴምበር 21 ቀን መርፊ ራሷ መለሰች። በድራማው ውስጥ ከሕፃኑ ጋር እንቅልፍ አጥታ፣ ፀጉሯ ተንጨባሮ፣ የኩዌልን እውነተኛ ንግግር በቴሌቪዥን ትሰማለች፤ ከዚያም በፕሮግራሟ ላይ የተለያየ ዓይነት እውነተኛ ቤተሰቦችን አቅርባ ቤተሰብ ሁሉ አንድ መልክ የለውም ትላለች። መጨረሻው ላይ አንድ የጭነት መኪና ሙሉ ድንች በምክትል ፕሬዚዳንቱ ደጃፍ ይዘረገፋል። ኩዌል ያንን ምሽት ልጆቻቸውን ብቻቸውን ከሚያሳድጉ ጥቂት እናቶች ጋር ተቀምጠው ተመለከቱ፤ ለምናቡ ሕፃንም የፓርቲያቸው ምልክት የሆነውን የዝሆን አሻንጉሊት ልከው ነበር። ደግነትም ብልሃትም ያለበት ሥራ ነው፤ በሜይ ቢያደርጉት ኖሮ ይጠቅም ነበር። በኖቬምበር ቡሽና ኩዌል በ37 በመቶ ድምፅ ተሸነፉ፤ የተሸነፉት ግን በኢኮኖሚው እንጂ በመርፊ አይደለም።

ቀናቶች ሲያልፉ የተመዘነው

በኤፕሪል 1993 ዘ አትላንቲክ የተባለው መጽሔት የባርባራ ዳፎ ዋይትሄድን ረጅም ጽሑፍ «ዳን ኩዌል ትክክል ነበር» በሚል አርዕስት የፊት ገጹ ላይ አወጣ። መጽሔቱ የወግ አጥባቂዎች አይደለም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ቢል ክሊንተን፣ አባታቸው ከመወለዳቸው በፊት በመኪና አደጋ የሞቱባቸው ፕሬዚዳንት፣ በንግግሩ ውስጥ ብዙ መልካም ነገር ነበር አሉ። በ2002 በርገን ንግግሩ አባት የማይተካ ነው የሚል አስተዋይ ንግግር እንደ ነበረና በዚህ ከራሳቸው በላይ የሚስማማ እንዳልነበረ ተናገሩ። በ2012 የብሩኪንግስ የጥናት ተቋሟ ኢዛቤል ሶሂል፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ኩዌል ትክክል ሆነው ተገኙ ብለው በዋሽንግተን ፖስት ጻፉ።

ወግ አጥባቂዎች እነዚህን አራት ስሞች እንደ ጸሎት ይደግሟቸዋል። ግን የትኛው ዓረፍተ ነገር ነው ትክክል የሆነው? በሁለት ወላጆች ቤት የሚያድግ ልጅ በአማካይ ከድህነትና ከትምህርት ማቋረጥ የራቀ ነው የሚለው በጥናት ብዙ ጊዜ ተደግፏል። ያለ ጋብቻ የሚወለዱ ልጆች ድርሻ በ1992 ከመቶ 30 ገደማ ነበር፤ በ2008 ከመቶ 40 አልፎ ከዚያ ወዲህ በዚያው አካባቢ ቆሟል። የማኅበራዊ ጉዳይ ጸሐፊው ቻርልስ መሪ በ1993 በዎል ስትሪት ጆርናል እንዳስጠነቀቀው፣ ነገሩ የጥቁሮች ብቻ መሆኑ ቀርቶ የነጭ ድሆችም ሆነ። እስከዚህ ድረስ ኩዌል ተረቱ ሊባል አይችልም።

ሁለት ነገሮች ግን አልያዙላቸውም። አንደኛ፣ የወንጀልና የቤተሰብ መፍረስ ቀጥተኛ ትስስር። ያለ ጋብቻ የሚወለዱት ቁጥር እየጨመረ በሄደባቸው በእነዚያው ዓመታት የኃይል ወንጀል ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ወርዶ ወርዶ በግማሽ ገደማ ቀነሰ። ከሳን ፍራንሲስኮው ንግግር አንጻር ይህ ሊሆን የማይገባው ነበር። ሁለተኛዋ መርፊ ራሷ ናት። ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ፣ ደመወዛቸው ዳጎስ ያለ፣ እንደ እርሷ ያሉ ሴቶች ተከትለዋት ያለ ባል መውለድ አልጀመሩም፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ያለ ጋብቻ የሚወለደው ልጅ ዛሬም ከአሥር አንድ ገደማ ነው። ጋብቻ የተናጋው መርፊን ከማይመስሉት፣ የሰዓት ደሞዝተኛ ከሆኑት፣ ፋብሪካው ከተዘጋባቸው ዘንድ ነው። የሆሊውድ ምሳሌነት የሚሠራ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ሊሠራ የሚገባው በሚመስሏት ላይ ነበር።

አንዳንድ ወግ አጥባቂዎች ለዚህ ብልህ መልስ አላቸው፦ የተማረው ሰው ራሱ አግብቶ እየኖረ ጋብቻን ለሌላው ለመስበክ ያፍራል፤ ጥፋቱ ይህ ነው ይላሉ። ይህ ከኩዌል ክስ የተሻለ ክስ ነው፤ ዳያን ኢንግሊሽንም የጠዋት ዜና አንባቢዎቹንም ያሳስባል። ሆኖም ስብከት ምን ያህል እንደሚያደርስ ተሞክሮ ታይቷል። ክሊንተን በ1996 የፈረሙት የድጎማ ማሻሻያ ሕግ የመጀመሪያ መስመሩ ጋብቻ የተሳካ ማኅበረሰብ መሠረት ነው ይላል፤ ኩዌል ቢጽፉት እንኳን ከዚህ አያልፉም። በትንሹ ቡሽ ዘመን ደግሞ መንግሥት ጋብቻንና አባትነትን ለማጠናከር በዓመት 150 ሚሊዮን ዶላር ገደማ መደበ። በዚያ ሰሞን በስምንት ቦታዎች ከ5,000 በላይ ያልተጋቡ አዲስ ወላጅ ጥንዶች የጥንዶች ትምህርት ከሚያገኙና ከማያገኙ ተከፍለው ለሦስት ዓመት ተጠኑ። ሲጠቃለል ትምህርቱን ያገኙት ካላገኙት ይልቅ አብረው አልቆዩም፤ አልተጋቡምም።